ሳቅ የተከለከለበት ቀረጻ

ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን፣ ቦምቤይ ውስጥ ተዋናይዋ ጉልባይ ክፉ አማት ሆና ብቅ ስትል ካሜራ የሚያዞረው ሰውዬ ሳይቀር ይንከተከት ነበር። ድምፅ መቅጃ የሚሉት ጉድ ሲመጣ ግን በቀረጻ ላይ ትንፍሽ ማለት ተከለከለ። በመጀመሪያው ቀን ምራቷን በማማሰያ ስታሯሩጥ ሳሪዋ ጠለፋትና ዱቄት ውስጥ ተዘረጋች። ክፍሉ ጭጭ! ሳቅ የለመደ ጆሮዋ ደነገጠ።

«ወይኔ ጉልባይ፣ አበቃልኝ!» አለች ከልቧ።

ቀና ስትል የፊልሙ አዘጋጅ እጅጌውን ነክሷል፤ ካሜራ የሚያዞረው ሰውዬ ሻሹን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ እንባው ይወርዳል።

«አንቺ ሴትዮ ልትገድይን ነው?» አላት አዘጋጁ ትንፋሹ ሲመለስ። «ያልሽውን ከፊልሙ አልቆርጠውም!»

እውነትም ተመልካቹ በዚያች ቃል ሲኒማ ቤቱን በሳቅ አናጋው። ከዚያ ወዲያ ጉልባይ በየፊልሙ «አበቃልኝ!» እያለች ሃያ ዓመት ሠራች።