የጎበና ሦስት ጭረት

ጎበና ተጠራጣሪ የሆነው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። እንጦጦ ግርጌ ገብስ ያርስ የነበረው አባቱ፣ «ለመለካት ብቻ ነው» እያሉ ሜትር ይዘው የመጡ ሰዎችን እርጎ አጠጥቶ ሸኝቷል። መሬቱ ከሄደ በኋላ ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ «እርጎውን ግን ምን ብዬ ሰጠኋቸው?» እያለ አረጀ። ጎበና ያኔ ጎረምሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅለት ኪሱን የሚዳብስ ሆኖ ቀረ።

መካኒክ ሲሆን ደግሞ ባሰበት። ላምበረት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው ጋራዡ፣ አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር ማንም በማያየው በኩል በመጋዝ ሦስት ጊዜ ይጭረዋል። ደንበኛ «ቀየርክብኝ» ቢለው ማስረጃ ነው፤ ሠራተኛ ቢቀይርበትም ማስረጃ ነው። ሚስቱ ቢፍቱ «እኔንስ የት ላይ ነው የጫርከኝ?» ትለዋለች። እሱ አይስቅም።

አብሮት የሚሠራው የቢፍቱ ታናሽ ወንድም ዲንሳ ነው። ሠላሳውን ያለፈ፣ ዝምተኛ፣ እጁ የማይታማ ሰው። የሚኖረውም እነሱ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው።

መገናኛ ለባቡሩ ሲቆፈር አቧራው እኛ ሰፈር ድረስ ይመጣ በነበረበት በጋ፣ አንድ አይሱዙ ጀልባ ጭኖ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ላምበረት ጀልባ አይቶ አያውቅም። ወዛደሩ ሁሉ ሻንጣውን ጥሎ ተሰበሰበ።

«ጎቤ! ኖኅ መጥቶልሃል!»

«ክረምቱ ገና ነው፣ ምን አጣደፈው?»

«ደሴ! ደሴ! ሁለት ሰው የጎደለ!»

የጀልባዋ ባለቤት አቶ ገበየሁ ይባላሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደብረ ዘይት ሐይቅ ላይ እንግዳ ያንሸራሽራሉ። ጀልባዋ የእንጨት ናት፤ ሆዷ ውስጥ ትንሽ የናፍጣ ሞተር አላት።

«ስትሄድ እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች» አሉ። «እዚያ ያሉት መካኒኮች በነኳት ቁጥር ባሰባት። አንተ ጠንቃቃ ነህ ሲሉ ሰምቼ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት።»

ጎበና ሙገሳው አላማረውም። የሚያሞግስ ሰው የሚያሸክመው ነገር አለው። ሆኖም ጎንበስ ብሎ ሲያይ በሽታው ግልጽ ነበር። ሞተሩን ከእንጨቱ ጋር ይዘው መንቀጥቀጡን የሚውጡት ሱፖርቶች ጎማቸው ዘይት ጠጥቶ፣ ልሞ፣ ከብረቱ ተላቋል።

ዲንሳ አንዱን አገላብጦ «ይሄ የፒክአፕ ሱፖርት ነው። መርካቶ አይጠፋም» አለ።

«አብሬህ እሄዳለሁ» አለ ጎበና። ሄደም። አዲሶቹን ገዝተው ሲመለሱ ጥግ ይዞ እያንዳንዱን ከሥሩ ጫረ።

ጀልባዋን በአሮጌ ጎማዎች ላይ አሳረፏት። ሞተሩን በክሪክ ብድግ አድርገው አሮጌዎቹን አወጡ፣ አዲሶቹን አስገቡ። ከዚያ ከሞተሩ እስከ ጀልባዋ ኋላ የሚደርሰውን ዘንግ ከሞተሩ ጋር ፊት ለፊት አጋጠሙት፤ በመካከላቸው ወረቀት እንኳ እንዳይገባ አድርጎ ያስተካከለው ጎበና ራሱ ነው። ዳዶዎቹን ማጥበቅ ብቻ ሲቀር ሲግናል ሰፈር ለቅሶ ተጠራ፤ ያንን ለዲንሳ ትቶለት ሄደ። ሲመለስ ሞተሩን ባለበት አስነሱት። ላዩ ላይ የተቀመጠው የሻይ ብርጭቆ አልፈሰሰም። አቶ ገበየሁ መርቀው ጀልባቸውን ጭነው ሄዱ።

እሑድ ዲንሳ አዲስ ጫማ አድርጎ ታየ።

ማክሰኞ ስልክ ተደወለ። «ጎበና፣ ውሃ ላይ ያው ናት እኮ! እንዲያውም ጥርሴን ልታረግፈው ነው» አሉ አቶ ገበየሁ።

ጎበና ስልኩን ዘግቶ ብዙ አላሰበም። ለቅሶ ላይ የዋለበት ከሰዓትና ጫማው በአንድ ጊዜ መጡለት።

«ሱፖርቶቹን ለማን ሸጥካቸው?»

ዲንሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የትኞቹን?» አለ።

«አሮጌዎቹን መልሰህ አስረህ የሸጥካቸውን አዲሶቹን ነዋ! ጫማ የሆኑትን!»

ዲንሳ ጫማውን አየ፤ ቀጥሎ ጎበናን። «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ይህችን ቃል ስጠብቃት ነበር» አለና ጃኬቱን ከሚስማሩ አውርዶ ወጣ።

ማታ ቢፍቱ ሰማች። አልጮኸችም።

«ጫማውን የገዛሁለት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብሩን ከየት አመጣሽ እንዳትለኝ።»

እውነትም ሊላት ነበር።

«ነገ ሄደህ እይ» አለችው። «ምልክትህ ከሌለ በሩን የምዘጋበት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ ነው አልልም። ካለ ግን በእግርህ ሄደህ ታመጣዋለህ። ካላመጣኸው እኔም እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ?»

በማግስቱ ደብረ ዘይት ወረደ። መንገዱን ሙሉ ዲንሳ ሌባ ቢሆንለት እንደሚሻለው ያስብ ነበር፤ ቢያንስ ነገሩ ያልቃል። ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ አንዱን ሱፖርት ፈትቶ ገለበጠው።

ሦስቱ ጭረቶች አሉ። የእሱ ናቸው።

አጠገባቸው ግን በፑንታ፣ በሹሉ ብረት፣ የተመታች አንዲት ነጥብ አለች። እሱ አልመታትም። ሌሎቹንም ፈታ፤ ሁሉም ላይ ነጥብ አለ። ደግሞ ይሄ የማን ነው?

መልሶ ሲያስር ዓይኑ ዘንጉ ላይ አረፈ። ወረቀት የማያስገባው መጋጠሚያ ከላይ በኩል አፉን ከፍቷል። አቶ ገበየሁን ይዞ ጀልባዋን ወደ አሸዋው ሳባት፤ ገጠመ። መልሶ ወደ ውሃ ገፋት፤ ተከፈተ። ያን ጊዜ ገባው። መኪና ጋራዥም ሆነ አስፋልት ላይ የምትቆመው በዚያው በእግሯ ነው። የእንጨት ጀልባ ግን ጎማ ላይ ስትቀመጥ ሆዷ ሌላ ነው፣ ውሃ ሲሸከማት ሌላ። ደረቅ ላይ ያቃናውን ውሃው አጣሞበታል። ሱፖርቶቹም፣ ያሰራቸው ሰውም ምንም አላጠፉም።

ከሰዓቱን ጀልባዋ ውሃ ላይ እንደተንሳፈፈች ከሱፖርቶቹ ሥር ስስ ቆርቆሮ እየሸጎጠ መጋጠሚያውን ሲያቃና ዋለ። አመሻሽ ላይ አቶ ገበየሁ ሐይቁን ዞረው ጥርሳቸው ሳይንገጫገጭ ተመለሱ።

ዲንሳን ያገኘው ማታውኑ ላምበረት መናኸሪያው ውስጥ ነው፤ የአንድ አውቶቡስ ጎማ እየፈታ።

«ምልክቴ አለ» አለ ጎበና ቆሞ።

«አውቃለሁ።»

«አጠገቡ ነጥብ አለ።»

«የኔ ነው።»

«ምን አድርግ ብሎህ?»

ዲንሳ ቀና ብሎ አየው። «ካንተ ጋር የሚሠራ ሰው ምን ያድርግ፣ ጋሼ? አንድ ቀን አንተው ቀይረህ በኔ ብታላክክስ?»

ሰው ሁሉ ሲጠረጠር የኖረው በጎበና ነው፤ እሱንም የሚጠረጥር ሰው፣ ያውም ጓሮው፣ ያውም ማዕዱ ላይ፣ እንዳለ አስቦ አያውቅም።

«ጥፋቱ የኔ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቢፍቱ ራት ይዛ እየጠበቀችህ ነው።»

«ይህን ጎማ ልጨርስ» አለ ዲንሳ።

ጎበና ጎንበስ ብሎ በሌላኛው በኩል ያዘለት።

ዲንሳ ተመለሰ። በሚቀጥለው ሰኞ ግን የዲንሳ መፍቻ ሣጥን ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ነበር። ጎበና አየው። ከየት ገዛኸው ሊለው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።