አባቴን ከአብነት ያስመለስኩበት ቅዳሜ

ይህ የሆነው አምና፣ ተማሪዎቼን ለሁለተኛው መንፈቅ ፈተና በማዘጋጅበት ሰሞን ነው። ከአእምሮዬ የማይወጣው፣ በሕይወቴ ሰውን ሆን ብዬ፣ አቅጄና ቀን ቆርጬ የተበቀልኩት ያኔ ብቻ ስለሆነ ነው። ተጸጽተሃል ወይ ብትሉኝ፣ በተበቀልኩት ሰው በኩል አልተጸጸትኩም።

የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አባቴ ታደሰ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል። በወጣትነቱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሴት የሚቀዳባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ሠርግ ቤት እየሄደ፣ ማሲንቆ ተጫዋቾች ከሚሰበሰቡበት እየተቀመጠ በራሱ ቴፕ ይቀዳ ነበር። ሲያርፍ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ካሴት ተወልን። ብዙዎቹ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው።

ካሴት ደግሞ ይበላሻል። ክሩ ይጣበቃል፣ ይበጠሳል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ እየተቀመጥኩ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው። ቦታ ለመቆጠብ ሲል ከድምፁ ላይ በሚቀንሰው የፋይል ዓይነት አይደለም፤ ሁሉን እንዳለ በሚይዘው ነው። ከዚያ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ሳሎን ጥግ አስቀምጬ የሙዚቃ ሰርቨር አደረግኩት።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሰርቨር እንደ ቤተ መጻሕፍት ነው። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ እንዳለ፣ እናንተ ካላችሁበት ሆናችሁ በስልካችሁ ታነቡታላችሁ። ለእያንዳንዱ አንባቢ መታወቂያ ይሰጠዋል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳነበበ ለኃላፊው ይታየዋል። ኃላፊው እኔ ነኝ።

ግርማ ከበራችን ትይዩ የሚኖር ጎረቤታችን ነው። አብነት ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ስፒከር ይሸጣል። በፎቃችን አንድ ዋይፋይ ለሦስት ቤት ስለሆነና የምቆጣጠረው እኔ ስለሆንኩ፣ አንድ ቀን አዲሱን ፓስወርድ ሊጠይቅ መጣ። ማሲንቆው ተከፍቶ ነበር። በሩ ላይ ቀረ።

«ቲቸር፣ ይሄ ነገር ከየት ነው የሚወጣው? ሰውዬው እኮ ሶፋው ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው!»

አስረዳሁት። ማስረዳት እወዳለሁ። «ለኔም ክፈትልኝ፣ ለቤት ብቻ» አለኝ። ከፈትኩለት። ታክሲ ውስጥም እሰማዋለሁ ስላለኝ፣ ከቤት ውጭ እንዲሠራለት ግማሽ ቀን ፈጅቼ አስተካከልኩለት።

ከዚያ ወዲህ የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ሳይ የግርማ አካውንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማምሻው ሳይቋረጥ ይዘፍናል። እንዴት ቢወደው ነው ብዬ ደስ አለኝ። የዋህ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ኬብል ልገዛ አብነት ሄድኩ። ገና ሱቁ ጋ ሳልደርስ የአባቴን ቅጂ ሰማሁ። በሩ ላይ ከተደረደሩት ስፒከሮች ኋላ ቆምኩ። ውስጥ አንድ ደንበኛ «እንዲህ ጥርት ያለ የድሮ ቅጂ ከየት አገኘህ?» ይለዋል።

«የአባቴ ነው» አለ ግርማ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነፍሱን ይማርና፣ ዕድሜውን ሙሉ የለፋበት ነው። ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

የግርማ አባት ወሊሶ አሉ። በሕይወት! በዓል ሲመጣ በግ እየጎተቱ ደረጃችንን የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ሰውየው የእኔን አባት ለመውሰድ ሲል የራሱን ገደለ።

ኬብሉን ሳልገዛ ተመለስኩ። ማምሻውን ደረጃ ላይ ጠብቄ አገኘሁት።

«ሱቅ ውስጥ ያልከውን ሰምቻለሁ።»

ሳቀ። «አንተ ደግሞ! ለገበያ እኮ ነው። ያንተ አባት የኔስ አባት አይደሉም እንዴ?»

«አይደለም።»

«እሺ፣ ያባትህ መሆኑ የት ላይ ነው የተጻፈው? ስማቸው የለበት፣ ፎቷቸው የለበት። ድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ የሰማው ሁሉ ነው።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወደ ቤቱ ገባ።

አካውንቱን መዝጋት እችል ነበር። አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ግን አነሰብኝ።

መጀመሪያ ጥራቱን ነካሁበት። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የጥራት ጣሪያ ማስቀመጥ ያስችላል። የቧንቧ ውኃ አስቡ፤ ቀስ እያላችሁ ብትዘጉት መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ኋላ ይንጠባጠባል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዘጋሁበት። በሳምንቱ ግርማ በራችንን አንኳኳ።

«ቲቸር፣ ስፒከሮቼን ጉንፋን ያዛቸው እንዴ? ሁሉም አንድ ላይ!»

«ኬብሉን አይተኸዋል?» አልኩት።

ኬብሉን በሙሉ ቀየረ። «አምፕሊፋየሩስ?» አልኩት። ፈታታው። ለተማሪዎቼ እንኳ እንደዚያ ተረጋግቼ አስረድቼ አላውቅም።

ያም ሆኖ አልረካሁም። ድምፁ ቆርቆሮ ቢመስልም ሰውየው አሁንም «የአባቴ ነው» ይላል። «የት ላይ ነው የተጻፈው?» ያለኝ ደግሞ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ሁሉ ይመጣብኛል።

አንድ ቀን የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም አንደኛው ስሙን ሳይጽፍ አገኘሁት። ያኔ ትዝ አለኝ። አባቴ ስሙን ጽፎ ነበር እኮ! ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት ማይኩ ላይ ይናገር ነበር። የዚያን ጊዜ ካሴት ቀጂዎች፣ የሌላ ሱቅ ሰው ገልብጦ የኔ ነው እንዳይል እንዲህ ያደርጉ እንደነበር እሱው ነግሮኛል። እኔ ግን ስገለብጥ ንግግሩን፣ ሳሉን፣ ከውጭ የሚሰማውን የመኪና ጡሩምባ ሁሉ ቆርጬ ለብቻው አስቀምጬው ነበር። ሙዚቃው ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው።

ሁለት ሳምንት ከሥራ መልስ እየተቀመጥኩ የተቆረጠውን ሁሉ ወደየቦታው መለስኩ። የግርማንም ጥራት እስከ ጣሪያው ከፈትኩለት። አባቴ በቆርቆሮ ድምፅ እንዲናገር አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አብነት ደረስኩ። የፈራሁት መብራት እንዳይጠፋ ብቻ ነበር። እንደ ያኔው በሩ ላይ ከስፒከሮቹ ኋላ ቆምኩ፤ ሱቁ ሞልቷል። ለሠርግ ስፒከር የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌም ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ግርማ ትልቁን ስፒከር እየዳበሰ «የአባቴን ስብስብ ላሰማችሁ» አለና ስልኩን ነካ።

«አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» አለ አባቴ። ሳለ። «ታደሰ ነኝ፣ ከተክለ ሃይማኖት። የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የኔ ነው ቢላችሁ ሌባ ነው።»

የሱቁ መስታወት ነዘረ። ግርማ በጥድፊያ ወደሚቀጥለው አለፈ። «ታደሰ ነኝ፣ ከተክለ ሃይማኖት።» እንደገና አለፈ። «ታደሰ ነኝ።»

«ፋይሉ ተበላሽቶ ነው» አለ ግርማ፣ ግንባሩን እየጠረገ።

ሽማግሌው ተነሡ። «ምን ተበላሸ! ይሄማ ታደሰ ነው፣ ካሴት ቀጂው! የሠርጌን የቀዳልኝ እሱ ነው። አንተ የታደሰ ልጅ ነህ?»

ያኔ ከበሩ ገባሁ።

«የታደሰ ልጅ እኔ ነኝ፣ አባባ» አልኳቸው ሽማግሌውን። ወደ ግርማ ዞርኩ። «የት ላይ ነው የተጻፈው ብለኸኝ ነበር። እዚያ ላይ ነው።»

ከሠርገኞቹ አንዱ «ወንድም፣ አባት በኪራይ ነው እንዴ የምትይዘው?» ሲለው ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ግርማ ወለሉን እያየ ቆመ። የልቤ ደረሰ። ውሸት አልናገርም፣ እስከ ልደታ በእግሬ የሄድኩት እየሳቅኩ ነው።

ቤት ስገባ እናቴ ምስር ትለቅማለች። የሠራሁትን ነግሬያት፣ እንድትስቅ ብዬ አንዱን ከፈትኩላት። «አንድ፣ ሁለት» ሲል እጇ ትሪው ላይ ቆመ። አልሳቀችም።

«ይሄ ድምፁ እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«ቆርጬው ነበር፣ እማዬ። ለጥራት ብዬ።»

«ለማን ጥራት?»

ለሰው ሁሉ የማስረዳው እኔ ቅጂውን አቆምኩት።

«ድገመው» አለችኝ። «ዘፈኑን ተወው። እሱን ብቻ።»

ግርማ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ይቅር አላልኩትም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ አያልፍም። አካውንቱን ሆን ብዬ አልዘጋሁበትም። ደንበኞቹ «የታደሰን ክፈተው» እያሉ ስለሚጠይቁት፣ ሳይወድ በግዱ ይከፍታል። ገጹ ላይ ስሙ ሲበራ አባቴ አብነት ላይ ራሱን እያስተዋወቀ መሆኑን አውቃለሁ፣ ደስም ይለኛል። ከመምህር የሚጠበቅ ነገር እንዳልሆነ ይገባኛል።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር ግን አለ። ግርማ አባቴን የወሰደው ለጥቂት ወራት፣ ከማያውቁት ገበያተኞች ፊት ነው። እኔ ግን የአባቴን ድምፅ ከገዛ ሚስቱ፣ ከእናቴ ጆሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ወስጄባታለሁ። ግርማን ቀጣሁት። የእኔን ጥፋት ግን እናቴ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።