ሰኞ የተቀዳው ደም

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት አልወድም። ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ «መድኃኒት ነው የማጠናው» ብዬ መገላገል ነው ልማዴ። ደባርቅ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ግን አይገላገልም። አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ወዲያው ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን ያሳየኛል። ከመካነ ብርሃን ወዲህ ገደሉን ሲወርድና ሲወጣ ያረጀውም፣ ሳንቃ በር ላይ ፓርኩን ሲጠብቅ ብርድ የጠጣውም ቋንቋቸው አንድ ነው፦ ጉልበቴን፣ ጉልበቴን።

እኔን የያዘኝ ነገር ስብ ነው። የምንበላው ዘይትና ቅቤ ሁሉ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከፊሉ በሰውነታችን ሕዋሳት ግድግዳ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቦታ ሲቆጣ ሰውነት ከግድግዳው ስቡን መዝዞ ያወጣና እብጠትና ሕመም የሚቀሰቅሱ ነገሮችን ይሠራበታል። ይህን የሚሠራው አንድ ኢንዛይም ነው። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ክኒኖች ሕመም የሚያበርዱት ያንን ኢንዛይም ስለሚያስሩት ነው። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነበር። ዐቢይ ጾምን ሙሉ ቅቤና ሥጋ ትቶ ተልባና የኑግ ዘይት የሚበላ ሰው፣ በደሙ ውስጥ ያለው የስብ ዓይነት ይለወጣል ወይ? ከተለወጠስ ጉልበቱ ይሻለዋል?

ለዚህም ጉልበት የሚያማቸው ሠላሳ ሰዎች ያስፈልጉኝ ነበር፤ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከዙሪያው። ጾሙ ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ ሊፈታ ሲል አንድ ጊዜ ደም ይሰጣሉ፤ ምን ያህል እንደሚያማቸውም ተጠይቀው ይጻፋል። ጥብቅ የነበረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው አይገባም። ኢንዛይሙ ከታሰረ እኔ የማየው የስቡን ሥራ ሳይሆን የክኒኑን ሥራ ነው የሚሆነው።

ገበሬው መጣ። ነጋዴዎቹም መጡ፤ እነሱ ሙስሊሞች ስለሆኑና ጾሙን ስለማይጾሙ ለማነጻጸሪያ ጠቀሙኝ። ካህናቱ ግን አልመጡም። ጉልበት በቁመት የሚያልቀው የእነሱ ሆኖ ሳለ መቅረታቸው አናደደኝ። ምክንያቱን የማውቅ መሰለኝ፤ ደም የፈሰሰው ሰው መቅደስ ገብቶ አያገለግልም። ስለዚህ ደም የሚሰጡት ከአገልግሎት ሳምንታቸው ውጭ እንዲሆን ቀኑን አመቻቸሁላቸው። ያም ሆኖ የዳባቶቹ ሦስት አዛውንት መርጌቶች በትሕትና «ለሌላ ጊዜ ያድርግልን» ብለው ቀሩ። አባቴ ጋ ደውዬ የሆዴን ዘረገፍኩት። «ለአንድ ብልቃጥ ደም ይሄን ያህል ይሰስታሉ? አሁንም አንድ ሰው ጎድሎኛል» አልኳቸው።

አባቴ ደባርቅ ላይ የአቋቋም መምህር ናቸው። አቋቋም ማለት ዜማውን ከእግር፣ ከመቋሚያና ከጽናጽል ጋር አስማምቶ መዘመም ነው፤ ጎንደሬ ነፍሱን የሚሰጥለት ትምህርት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤታቸውም ሕይወታቸውም የተማሪዎቻቸው ነው። ስልኩን ሲዘጉ «እኔ እገባልሻለሁ፤ ለጉልበትስ እኔም አላጣሁ» አሉኝ። አባት ለልጁ ጥናት መግባቱ ቅር ቢለኝም የጥናቱ አማካሪዬ ችግር የለም አለኝ፤ ቅጹን የምትሞላውም ደሙን የምትቀዳውም ነርሷ ናት፣ እኔ ጎንደር ቤተ ሙከራዬ ውስጥ የማየው የኮድ ቁጥርና ቀን ብቻ ነው።

ነርሷ የዳባት ልጅ ናት፤ ሥራዋ ላይ ቀልድ አታውቅም። ደሙ ብልቃጥ ውስጥ ሲረጋ ከዚያው ከስቡ አንድ ንጥረ ነገር ይመረታል፤ ኢንዛይሙ በደህና መሥራቱን የሚነግረኝ እሱ ነው። ነገር ግን ደሙ በሰው ገላ ሙቀት አንድ ሰዓት መቆየት አለበት፣ የደባርቅ ብርድ ደግሞ ለዚህ አይሆንም። እሷ ፔርሙዝ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ይዛ፣ ቴርሞሜትር ነክራ፣ በየአምስት ደቂቃው እየጻፈች ትጠብቀዋለች። ከዚያ በማሽን አሽከርክራ፣ በበረዶ ሣጥን አሽጋ በሚኒባስ ትልክልኛለች።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ዙር ለካሁ። ሁሉም እንደጠበቅኩት ነበር፣ ከአንዱ በቀር። አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ያ ንጥረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ማሽኑን ጠረጠርኩ፤ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ቀጥሎ የጠረጠርኩት ነርሷን ነው። ደውዬ «አንዱን አቀዝቅዘሽብኛል» አልኳት።

«እኔ? የትኛውን?» አለች፤ ድምፅዋ ላይ ቁጣው ይሰማል። ኮዱን ነገርኳት። መዝገቧን ስትገልጥ ሰማሁ። «የሙቀቱ ጽሑፍ ይኸው። ደግሞ ይሄ የሰኞው ነው፤ አንድ ብልቃጥ ብቻ ስለነበር ዓይኔን ከውሃው ሳልነቅል ነው የጠበቅኩት።»

ብርድ ካልሆነ ኢንዛይሙን ያሰረው ክኒን ነው። ደም የሚቀዳው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ሰኞ የተቀዳው፣ የአገልግሎት ሳምንታቸው እሑድ ላይ አልቆ በማግስቱ መስጠት ለፈለጉ ለአንድ ሰው ሲባል ብቻ ነበር፤ ለአባቴ።

ለአማካሪዬ ስነግረው ብዙ አላሰበም። «ቁጥሩን ከጥናቱ አውጪው። ሰውየው ግን ዛሬውኑ ይነገረው» አለኝ። የፈራሁትን እሱም ፈርቶታል። በዚያ ዕድሜ ያን ክኒን በየቀኑ የሚውጥ ሰው ሆዱ ሊደማ፣ ኩላሊቱ ሊያልቅ ይችላል።

በማግስቱ ደባርቅ ስደርስ አባቴ ግቢው ውስጥ ጥዱ ሥር ያስተምሩ ነበር። ጎንበስ ይላሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳሉ፤ ተማሪዎቹ ከኋላቸው ይከተላሉ። ዕድሜ ያልነካው ጉልበት ነው እያልኩ ስንት ዓመት ኮርቼበታለሁ። ፋርማኮሎጂ ተምሬ፣ ሰው ስለ ጉልበቱ ስጠይቅ ውዬ፣ የገዛ አባቴን ጉልበት ዞር ብዬ አላየሁትም። ትምህርቱ እስኪያልቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ቤት ስንገባ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። «አባባ፣ የጉልበት ክኒን ይወስዳሉ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ደምዎ።»

ሳቅ አሉ። «እንዴት ያለው ወሬኛ ደም ነው ልጄ!» ከዚያ ተነሥተው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዳዊታቸውን ማኅደር አወረዱ። ዳዊቱን አውጥተው ሳሙትና ከሥሩ የክኒን ማሸጊያዎች ዘረገፉልኝ፤ ከፊሉ ባዶ፣ ከፊሉ ያልተነካ። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ንግሥ ሲሆን ሁለት ሁለት» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እናትሽ ሳለች ነው።»

ተናደድኩ። «አልወስድም ብለው ፈርመዋል እኮ! መርጌታ ሆነው ይዋሻሉ?» አልኳቸው። እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግሬያቸው አላውቅም።

«እውነትሽን ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ፤ ቀኖናዬን ይዣለሁ። ግን አንቺ ልጅ፣ እኒያ የዳባት መርጌቶች ደማቸውን ሰስተው የቀሩብሽ መሰለሽ? እነሱም እንደኔው ይውጣሉ። የቀሩት እንዳይዋሹሽ ብለው ነው። እኔ ደግሞ ሰው ጎደለኝ ስትይኝ ድምፅሽ አላስችል አለኝ። አንድ ሰው ብሞላላት ምን ይጎዳል ብዬ ነው።»

እነዚያን ሽማግሌዎች ስሰድባቸው የሰነበትኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ቁጥር ብለው ነፍሳቸውን ያስጨነቁትን ሰው ደግሞ አሁን ጮኽኩባቸው። ያን ቀን በራሴ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ «ኩላሊትዎ ደክሟል፤ ክኒኑ ዛሬ ከቀረ ግን ሊያገግም ይችላል» አለ። ካልቀረ የሚሆነውንም ሳይደብቅ ነገራቸው።

አባቴ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማኅሌቱስ?»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «ጉልበትዎ ያብጣል አባባ። እንደ ድሮው መዘመም አይሆንም» አልኳቸው። ይህን ለእሳቸው መናገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሳቸው የሚያስተምሩት በመጽሐፍ አይደለም፣ በእግራቸው ነው።

ክኒኖቹን ሰበሰብኩ፤ አልከለከሉኝም። ጾሙ ከበሮና ጽናጽል የሌለበት መሆኑ ረዳን። በሳምንቱ ግን ቀኝ ጉልበታቸው አበጠ። ኩላሊት የማይነካ ቀለል ያለ መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ እኔም በሞቀ ጨርቅ መያዙንና ተቀምጦ እግር ማንሳቱን አሳየኋቸው። «ተልባውስ ይጠቅማል?» ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ገና አላወቅኩም። «እንግዲያው እስክታውቂው ልጠጣው» አሉና በጥብጠው ጠጡ። ከፋሲካ በኋላ ስናስመረምር ኩላሊታቸው መመለስ ጀምሯል ተባለ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ እሳቸው ግን ግንቦት ላይ ያለውን የደብራችንን ንግሥ እያሰቡ ነበር።

ለንግሡ ጠዋት ስደርስ በሴቶቹ በኩል ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩ። ማኅሌቱ አልቆ ነበር፤ ውስጥ የሆነውን የነገረኝ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነው። በከበሮ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሱ የሚዘሙት ወረብ ሊጀመር ሲል አባቴ ወንበር አስመጡ። ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም። እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እስከ ዛሬ ክኒን እየዋጥኩ ነው የቆምኩት። ኩላሊቴን ሊጨርሰው ነበር። የምትውጡ ካላችሁ ተዉት» አሉና ተቀመጡ። ለንግሡ የመጡት የዳባቶቹ መርጌቶች እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ አንደኛው ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ሁለቱ። ወረቡን ተማሪዎቹ ቆመው፣ አራቱ አዛውንት ተቀምጠው ጨረሱት።

ቅዳሴው ሲያልቅ አባቴ በሁለት ተማሪዎች ተደግፈው ወጡ። እንደዚያ ቀን ቀስ ብለው ሲራመዱ አይቼ አላውቅም። በየደረጃው ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ። ደጀ ሰላሙ ጋ ስጠብቃቸው አዩኝና ተማሪዎቹን ለቀቁ። በሕይወቴ አንድም ቀን «አመመኝ» ሲሉ ያልሰማኋቸው አባቴ ትከሻዬን ያዙ።

«ዛሬስ አሞኛል» አሉኝ። «በጣም ነው ያመመኝ። ጻፊው።»