ትከሻዬን መታ የሚያደርገው እጅ

አጎቴ፣ አላህ ይርሀማቸው፣ ዕድሜ ሲጫናቸው ሞተር ሳይክላቸውን ለእኔ ሰጥተው ከኋላ መፈናጠጥ ጀመሩ። ከከሚሴ ወጥተን ፀሐዩ ጨፋ ሜዳ ላይ ሲከር ትከሻዬን መታ ያደርጋሉ።

“ቁም ኢልማኮ፣ ቁም ልጄ!”

ይወርዱና መዳፋቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው ቀስ ብለው በነቢዩ ላይ ሰለዋት ያወርዳሉ። ሳይጨርሱ እጃቸውን ከለበለባቸው ጥላ ፈልገን እንቀመጣለን። “እጅ ያልቻለውን ብረትም አይችለው” ይላሉ። ቀጥሎ ሞተር ሳይክሉን ወዝውዘው ጆሯቸውን ሰልባትዮው ላይ ይለጥፋሉ፤ ቤንዚን መኖሩን የሚያምኑት ድምፁን ሲሰሙ ነው።

ከቀበርናቸው በኋላ ከሰንበቴ ገበያ ብቻዬን ስመለስ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። በአካባቢው ሰው የለም። ደንግጬ ቆምኩና መዳፌን አስጠጋሁ። ሰለዋቱን ግን ከፍርሃት የተነሳ አጣደፍኩት፤ እጄ ሳይለበለብ አለቀ። ሞተሩ በርዶ ይሁን እኔ ቸኩዬ አላወቅሁም። ጆሮዬን ሰልባትዮው ላይ ባደርግ የልቤን ምት እንጂ ቤንዚን አልሰማሁም። ማስነሳቱን ፈርቼ እየገፋሁ ቤት ገባሁ።

ዛሬም ስነዳ የእሳቸውን ቦታ ትቼ ወደ ፊት ተጠግቼ ነው የምቀመጠው። ሞተሩ ሲግል ትከሻዬ እጃቸውን ይጠብቃል። ቁም የሚለኝ የለም፤ እፈራለሁ።