ያልተጠመቀችው ልጅና የታንጉት ጽጌረዳ

ደባርቅ ላይ ጽጌረዳ ማሳደግ ከብርድ ጋር መጣላት ነው። ኅዳር ሲገባ ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ውርጭ ባቄላውን እንኳ በአንድ ሌሊት አጥቁሮት ያድራል። ታንጉት ግን ጣሊያን ከወጣ ዓመታት ቆይታ የጀመረችውን የጓሮ አበባ እስከ ሞተችበት እስከ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ድረስ አልተወችም። ሲመሽ ገለባ ታለብሰዋለች፣ ፀሐይ ስትወጣ ትገፍፍለታለች። ሥሩን በአመድና በበግ ፍግ ታሞቀዋለች። ባሏ ቢራራ በቅሎ ጭኖ እስከ ዛሪማ የሚወርድ ነጋዴ ነበር። የእኛን ቤት ከእነሱ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነበር።

የሰፈሩ ሴቶች የድንችና የጎመን ቦታዋን በእሾህ አስበላችው እያሉ ያሟት ነበር። አንዷማ ገበያ መካከል «ታንጉት፣ ዘንድሮስ አበባው ስንት እንጀራ ወጣው?» ብላ ሰው አሳቀችባት። ታንጉትም አብራ ሳቀች።

ቀዩን ጽጌረዳ የቆረጠችው ዳባት፣ ጣሊያኖች ጥለውት ከሄዱት አንድ ቤት ግቢ ነው። ከቀዮቹ መካከል የቆመው ግን የፈረንጅ አበባ አልነበረም። ቅጋ ነው፤ በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ የሚበቅለው፣ ነጭ አበባ የሚያወጣው የዱር ጽጌረዳ። የሰፈር ልጆች ከአጥሯ ቅጋ ላይ ቀዩን ፍሬ እስኪጠግቡ ሲለቅሙ ዝም ትላለች። ከመካከለኛው ግን አንዲት ፍሬ አታስነካም። ሰስታ ነው ተባለ። ከዚያ ቅጋ ሥር የተቀበረች ልጅ እንዳለች የሚያውቁ ጥቂቶች ነበሩ፤ የሚያውቁትም አያነሡትም።

ልጅቱ የተወለደችው በአርባ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ነው። ታንጉት ብዙ ዘመን መካን ተብላ ኖራ ያገኘቻት የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ልጅ ናት። እናናዬ እያሉ ይጠሯት ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ፣ ቢራራ ገና በጠዋቱ የክርስትና እናት መርጦላት ነበር። ጃናሞራ ያለው የንግድ ባልንጀራው ሚስት ሸጊቱ ናት። ቃል ሄደ፣ ቃል ተመለሰ፣ ሁለቱ ቤቶች ሊዛመዱ ሆነ።

ሐምሌ ላይ ልጅቱን ደረቷን ያፍናት ጀመር። የቤቱ ነፍስ አባት ቄስ ደምለው መጥተው አይተው፣ ለታመመ ሕፃን ቀን አይጠበቅም፣ ነገ በጠዋት አምጧት፣ የምታነሣት ሴት ከጎረቤት አትጠፋም አሉ። ቢራራ እንቢ አለ። ሸጊቱን ትቶ ሌላ ሴት ማቆም የባልንጀራውን ቤት ማዋረድ መሰለው። አሮጊቶቹም ደገፉት፤ ከቀኗ በፊት ማስጠመቅ ሞቷን መጥራት ነው አሉት። ታንጉት አራስ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን መግባት አትችልም፤ ነገሩን የሚነጋገሩት ወንዶቹ ነበሩ። ከጓዳ ሆና፣ ሸጊቱ ብትቀየም እግሯ ሥር የምወድቀው እኔ ነኝ፣ እባክህ ብላ ለመነችው።

«ሰው ምን ይለኛል?» አላት ቢራራ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልጁን ይወድ ነበር፤ ቃሉንም ይወድ ነበር፤ ሁለቱ የሚጋጩበት ቀን ይመጣል ብሎ አላሰበም። ሸጊቱን የሚያስቸኩል መልእክተኛ ወደ ጃናሞራ ላከ። ዝናቡ አላባራ አለ፣ ወንዞቹ ሞሉ። ሸጊቱ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ለልጅቱ አንገት የፈተለችውን ማተብ ከዝናብ ሸሽጋ በጉያዋ ይዛ ስትደርስ እናናዬ ተቀብራ ነበር።

ያልተጠመቀ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አያርፍም። ፍትሐት የለውም። የክርስትና ስም ስለሌለው በጸሎት የሚጠራበት የለውም። ስለዚህ ቢራራ ጓሮውን ራሱ ቆፈረ፣ ጨርሶም ጅብ እንዳያወጣት ከአጥሩ ቅጋ እየነቀለ ከመረበት። ከነሥሩ ከተነቀለው አንዱን ክረምቱ አጸደቀው።

ታንጉት አልቆረጠችውም። ዓመታት ቆይቶ በጽጌ ወራት፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት በሚታሰብበት ሰሞን፣ ነጭ ሆኖ አበበ። ጅብ ለመከልከል የተጣለ እሾህ ነው። እሷ ግን ከልጇ የመጣ ነገር አድርጋ ተቀበለችው። ዳባት ወርዳ ቀዩን ጽጌረዳ ያመጣችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ዙሪያውን የተከለችውም ልጅቱ ብቻዋን እንዳትሆን ብላ ነው። በየዓመቱ ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም ነጩን በቀዩ መካከል አድርጋ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትወስዳለች፤ ቄስ ደምለው ተቀብለው ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ያኖሩላታል። ለጥምቀት ደግሞ ከተባረከው ውኃ በቅል ቀድታ ታመጣና ለማንም ሳትናገር ከቅጋው ሥር ታፈሰዋለች።

ፍልስፍና በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ሕግና ስለ ምሕረት የሚከራከሩ ሊቃውንት ሰምቻለሁ። አንዳቸውም በቅል ውኃ ይዞ ሲመላለስ አላየሁም። እምነት የምንለው ነገር መልስ የሚያገኝ ጥያቄ ከሆነ የታንጉት ነገር እምነት አልነበረም ማለት ነው። እሷ የያዘችው መልስ ሳይሰጣት የምትሠራው ሥራ ነበር፤ ያም ቢሆን ለአንድ ነገር ነው የምትሠራው። ልጇ ከክርስቲያን ወገን እንድትቆጠርላት።

ቢራራ ታሞ ከዳነ በኋላ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ባልና ሚስቱ ሊቆርቡ ወሰኑ። ለመቁረብ ደግሞ ምንም ሳይሸሽጉ መናዘዝ ይገባል። ታንጉት ለቄስ ደምለው ሁሉን ተናገረች፤ አበባው ከየት እንደሚመጣ፣ ውኃው የት እንደሚፈስ። የተነጋገሩትን የነገረችው ለቢራራ ነው፤ ለእኔም ያጫወተኝ እሱ ነው።

ቄሱ በክርስትና ስሟ ጠሯት።

«የሞተ አይጠመቅም፣ ወለተ ኪዳን።»

«አውቃለሁ አባቴ።»

«ካወቅሽ ለምን አፈሰስሽው?»

«ሌላ የማደርግላት ነገር አጣሁ።»

ውኃውን እንድታቆም አዘዟት። ከመቃብር ላይ የበቀለው አበባም ከሥዕሉ ፊት አይቀርብም፤ ከሌሎቹ አምጪ አሏት።

«ሌሎቹም ሥራቸው እዚያው ተጠላልፏል፣ አባቴ» አለች። «እሷ ካልገባች እነሱን ምን ብዬ ላስገባ?»

ቄስ ደምለው ሴትዮዋን ይወዷት ነበር፤ ሕጉን ግን እሳቸው አላወጡትም። አምጧት ብዬ ነበር እኮ አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ታንጉት ውኃውን አቆመች፤ ከዚያ በኋላ አበባ ይዛም ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ቁርባኑ ሲደርስ ግን ንስሐ መጸጸት ነው፣ እኔ ስላፈሰስኩት ውኃ ልጸጸት አልቻልኩም፣ በውሸት አልቀርብም አለች። ባልና ሚስት አንድ ላይ ስለሚቆርቡ ቢራራም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጽጌረዳው እንደ ድሮው ሲያብብ፣ ከግንዱ ላይ ደርቆ ይረግፍ ነበር። እሷ ግን ገለባውን ማልበስ አላቋረጠችም።

በስድሳ ስድስት፣ አገሩ ሁሉ በተናወጠበት ዓመት፣ ታንጉት አልጋ ያዘች። ጾሙ ሊፈታ ሲል እንደማትነሣ አወቀችና ቄስ ደምለው ባሉበት ቢራራን ጠራችው።

«ከእሷ ጋር ቅበረኝ» አለችው። «ፍትሐቱ ይቅርብኝ።»

ቄሱ አለቀሱ። አንቺ ክርስቲያን ነሽ፣ ክርስቲያን በጓሮ አይጣልም ብለው ለመኗት።

«እኔ ስም አለኝ አባቴ። የትም ብወድቅ በስሜ እጠራለሁ። እሷን ማን ብሎ ይጠራታል? ከጎኗ ስሆን ግን ስጠራ ትሰማለች፤ ተከትላኝ ትነሣለች።»

ታንጉት ዓይኗን ከባሏ ላይ አልነቀለችም። ቢራራ እሺ አላት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

የሰንበቴው ማኅበርተኞች ቃሬዛ ይዘው መጡ። አስከሬኗ ወጥቶ ደጃፍ ሲደርስ ቢራራ ተነሥቶ መናገር ነበረበት። ጓሮው በስተግራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ በስተቀኝ ነው። እኔም ከሰዉ መካከል ቆሜአለሁ፤ የሰጠውን ቃል ግን ያኔ አላውቅም ነበር። ጃንጥላ ተዘርግቷል፣ ካህናቱ ጽና ይዘው ይጠብቃሉ፣ ከዳባት ሳይቀር የመጣ ዘመድ አደባባዩን ሞልቶታል። ቢራራ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የወጣው ግን ልቅሶ ብቻ ነው። ተሸካሚዎቹ ወደ ቀኝ ታጠፉ።

ፍትሐቱ ያማረ ነበር። ወለተ ኪዳን እየተባለ ስሟ በግዕዝ ደጋግሞ ተጠራ። ቄስ ደምለው አንድ ጊዜ ቀና ብለው ቢራራን አዩት፤ እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ሳልጠይቀው ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገረኝ።

«ጋሼ ቢራራ፣ ያኔ ብትናገር ምን ይመጣ ነበር?» አልኩት።

«ሚስቱን ጓሮ ጣላት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ» አለኝ። «ሰዉ ግን ቀብሮ፣ ንፍሮውን በልቶ፣ እግዜር ያጽናህ ብሎኝ ወደየቤቱ ገባ። ስለ እኔ ያሰበ እንኳ አልነበረም።»