የመሪው ካናቴራ

ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ ወዳለው ምግብ ቤታችን የሚመጡ አንድ አጭር፣ ቀጭን ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን አላውቅም። የሁሉም ሰው ፊት የሚታይበትን ወንበር ይመርጣሉ፤ ሽሮ ያዛሉ። የሚለብሱት ያረጀ የዩኒቨርሲቲ ካናቴራ ነው። በየሳምንቱ የሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም ግን ልክ በልካቸው። እኔ ከሰልባጅ የገዙት ነበር የመሰለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ አብራኝ የምታስተናግደው፣ እዚሁ አሜሪካ የተወለደችው ገሊላ፣ “ጋሼ፣ ስንት ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርከው?” አለቻቸው።

“አንድ። የጀልባ ቀዘፋ ቡድን ሲያቋቁሙ ክብደቴ ቀላል ስለነበር መሪ አደረጉኝ። ስምንቱ ይቀዝፋሉ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ እኩል እንዲቀዝፉ እጮኻለሁ። የተሸነፈ ካናቴራውን አውልቆ ላሸነፈው ይሰጣል፤ ቀዛፊ ለቀዛፊ፣ መሪ ለመሪ። እነዚህ ካሸነፍናቸው የተቀበልኳቸው ናቸው።”

“የራስህስ?”

“የመጨረሻውን ውድድር ተሸነፍን፤ አውልቄ ሰጠሁ። በዓመቱ አስመልሳለሁ ስል ዩኒቨርሲቲው ባጀት የለም ብሎ ቡድኑን ዘጋው። ጀልባዎቹም ተሸጡ።”

“ሶሪ ጋሼ” አለች ገሊላ።

ሽሯቸውን ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

“ካናቴራዬን የወሰደው ልጅ እንደኔ ትንሽዬ ነበር” አሉ። “ካልወፈረ አሁንም ይሆነዋል።”