የሦስተኛዋ ካንዴላ ገመድ

ባለፈው ሳምንት መኪናዬ የቸርችልን ዳገት ስትወጣ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች፤ ከመሪው ፊት ለፊትም ቢጫ መብራት በራ። እሷም አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ ስለዚህ አልተቀየምኳትም። ፒያሳ አጠገብ ካለ ጋራዥ አስገባኋት። መካኒኩ ስልክ የምታህል መሣሪያ ከመሪው ሥር ሰክቶ ቁጥሩን አነበበና፣ «ማዘር፣ ሦስተኛው ሲሊንደር እሳት አያገኝም። ወይ ካንዴላው ነው ወይ ገመዱ» አለኝ። ኮፈኑን እንኳ ገና አልከፈተም ነበር። «ሦስተኛው» ሲል አባቴን አስታወስኩ።

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር። ሰማያዊ ትንሽ የጣሊያን መኪና ነበረችው፤ ከእሱ በቀር ማንም መፍቻ አያሳርፍባትም። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ ምእመናኑ እኛ ቤት እየመጡ መጸለይ ጀመሩ። ቀበሌው ይህን ሲሰማ አባቴን አሰረ፣ መኪናዋንም ወሰደ። ሊቀመንበሩ ጓድ ዘለቀ የራሱ አደረጋትና ፒያሳን ይዞርባት ጀመር። እኔ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ክረምቱ ሲጠና መኪናዋ እርጥበት ገባትና ማሳል ጀመረች። ጠባይዋን የሚያውቅ አባቴ ብቻ፣ መሣሪያዎቹም ያሉት እኛ ዕቃ ቤት ነበር። ስለዚህ ጓድ ዘለቀ አባቴን ከእስር ቤት አስወጥቶ ግቢያችን ድረስ አመጣው፤ ከኋላው ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አለ። አባቴ ጺሙ አድጎ፣ ሱሪውን በሲባጎ አስሮ ነበር። እናቴ ያላትን ሁሉ አሟጣ ዶሮ ሠራች። ጓድ ዘለቀ በረንዳችን ላይ፣ በአባቴ ወንበር ተቀምጦ በላው። አባቴ ወደ ሳህኑ ቀና ሲል፣ «ሞተሩ ሳይነሳ እህል የለም፣ መምህር» አለውና አጥንቱን ጋጠ።

አባቴ ያን ቀን በደንብ ጠገናት። ወደ እስር ሲመልሱት ግን ዳግም ቤቱን የሚያይበትን ምክንያት በገዛ እጁ እንዳጠፋ የገባው ይመስለኛል። እርጥበቱ ተመልሶባት ለሁለተኛ ጊዜ ሲያመጡት ፒንሳ ሳቀብለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሦስተኛዋን ካንዴላ ገመድ ጫፍ ከፈት አደረግሁት። የድንጋዩ መንገድ ሲያንገጫግጫት ይላላል፤ እንደገና ይጠሩኛል» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ይሄ ውሸት ይሆን እንዴ፣ ልጄ?» ሲል ጠየቀኝ። በሕይወቱ አንድ ቃል ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«አይሆንም፣ አባዬ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ያቺን መኪና ስናዳምጥ ከረምን። ከምኒልክ አደባባይ ስትወርድ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ እናቴ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እየተንፈራገጠች ካለፈች ግን ፊቷ ይበራና ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች። የሰው መኪና ሲበላሽ ደስ የሚለን ቤተሰብ ሆነን ነበር። አባቴም ይመጣል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ የተረፈውን ወጥ ቆሞ ይበላል፣ ይሄዳል። ለዚያች አንድ ሰዓት ስንል እንኖር ነበር።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ግርማ መካኒክ ነው። አባቴ ከታሰረ ወዲህ እኛ ቤት ድርሽ ብሎ አያውቅም፤ መንገድ ላይ ሲያየን ወዲያ ማዶ ይሻገራል። ማን የማይፈራ ነበር? እኛም ለማንም ምንም አንናገርም። መኪናዋ የማን እንደነበረች ያውቃል፣ ማን እንደሚጠግናት ግን አያውቅም። አንድ ቀን ጓድ ዘለቀ አትክልት ተራ፣ የበሰበሰው ጎመን መሐል መኪናዋ ቀጥ ብላበት ዝናብ ሲመታው፣ ግርማ በዚያ በኩል ሲያልፍ አገኘው።

ግርማ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ አየ። ከዚያም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጓድ፣ ይሄ ብልሽት አይደለም! ጫፉን ሰው በፒንሳ ከፍቶታል። ማን እንደሚነካካልዎት ይጠይቁ!» አለ።

በማግስቱ መኪናዋ ስትመጣ አልሰማናትም። የሰማነው የበሩን መንኳኳት ነው። ጓድ ዘለቀ እናቴን ክንዷን ይዞ ወደ ውጭ አወጣት። ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ሞተሩም እየሠራ ነው፣ አንዳች አይንገራገጭም።

«ነይ ስሚያት! እንደ ሰዓት አልሆነችም?»

«ሰማሁ» አለች እናቴ።

«እንግዲህ መምህር ሥራ ፈታ» ብሎ ሳቀ።

በነጋታው ስንቅ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ጠባቂው ሳይከፍተው መለሰልኝ፤ «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። ሽሮው ገና ትኩስ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ አልነበረም። አስከሬኑንም አልሰጡንም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በእህቴ ሠርግ ላይ ግርማ መጣ። ሞቅ ሲለው፣ ጠጋኝ ሁሉ ያቃተውን የቀበሌ ሊቀመንበር መኪና ብልሽት በአንድ እይታ እንዴት እንዳገኘ እየሳቀ አወራ። ገመዱን ማን እንደከፈተው ያወቅን እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እናቴ ተነስታ ሳህኑ ላይ ሥጋ ጨመረችለትና «ብላ» አለችው። እንግዳው ሲበተን ለምን እንዳልነገረችው ጠየቅኳት።

«ከሁላችን አንዱ እንኳ ይተኛ» አለችኝ።

እኔ የእናቴ ልብ የለኝም። እንዳይተኛ ነበር የምፈልገው፤ አሁን ሞቶ ተቀብሯል፣ አሁንም እንዳይተኛ እፈልጋለሁ።

መካኒኩ ገመዱን ቀይሮ ሲጨርስ ቤንዚን ሰጣት። መንቀጥቀጡ ቆመ፣ ቢጫው መብራትም ጠፋ። ልጁ በሥራው ደስ ብሎት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠራኝ።

«ማዘር፣ ኑ ይስሟት እንጂ! እንደ ሰዓት ሆነችልዎ!»

«ሰማሁ፣ ልጄ» አልኩት። «አጥፋት።»